የካሹ ቺዝ አሠራር ለአነስተኛ አምራች፦ ከዝፍዘፋ እስከ መጠቅለያ

ከካሹ ቺዝ መሥራት የጀመሩ ሰዎች የሚጠይቁን ተመሳሳይ ነው። «ለምን አልጠጠረም?» «ለምን መረረ?» «ሻጋታው ነጭ መሆኑ ቀርቶ ለምን ግራጫ ሆነ?» «ሬኔት ምን ያህል ልጨምር?» የመጨረሻውን አስቀድመን እንመልስ፦ ምንም። ሬኔት የሚባለው የወተት ማርጊያ የሚሠራው ወተት ውስጥ ያለውን ኬዚን የተባለ ፕሮቲን በማርጋት ነው። ካሹ ኬዚን የለውም፤ ስለዚህ እንደ ወተት አይረጋም፣ አጓትም አይለይለትም። በእጅዎ ያለው የተፈጨ ስብ፣ ፕሮቲንና ስታርች ነው። ይህን ቺዝ የሚያደርጉት ሁለት ነገር በመቆጣጠር ነው፦ ኮምጣጣነቱንና ውሃውን። አንድ ዙር ሲበላሽም መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው።

ይህ መመሪያ ሁለት ዓይነት ቺዝ ያሠራል፤ በጥቂት ቀናት የሚደርስ ትኩስ ቺዝና ነጭ ቅርፊት የሚያወጣ የሚቆይ ቺዝ። እስከ ደረጃ 8 ድረስ መንገዳቸው አንድ ነው። የሚቆረጥና ሲሞቅ የሚለሰልሰው ዓይነት በኋላ ለብቻው ተጽፏል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

መጠኑ ለአንድ ዙር ነው። እያንዳንዳቸው 200 ግራም የሚመዝኑ 9 ያህል ክቦች ይወጡታል።

- 1 ኪሎ ያልተጠበሰና ጨው ያልገባበት ካሹ
- ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ
- 150 ግራም የተጣራ፣ ሽታ የሌለው የኮኮናት ዘይት
- 10 ግራም ግሉኮስ፤ ዴክስትሮዝ ተብሎም ይሸጣል
- ሜሶፊሊክ የሚባለው የቺዝ እርሾ (በመካከለኛ ሙቀት የሚያኮመጥጥ ባክቴሪያ ነው፤ የዳቦ እርሾ አይደለም)፣ ፓኮው ለ4 ሊትር ወተት በሚለው መጠን
- 34 ግራም ደቃቅ ጨው
- ለነጭ ቅርፊት ብቻ፦ የፔኒሲሊየም ካንዲደምና የጂኦትሪከም ካንዲደም ሻጋታ ዱቄት፣ ከእያንዳንዱ የቢላ ጫፍ የሚያነሳውን ያህል

ከዕቃ ደግሞ ኃይለኛ ብሌንደር፣ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ የፒኤች (የኮምጣጣነት ቁጥር፤ ሲያንስ ይበልጥ ኮምጣጣ ነው) መለኪያ ከ4.01 እና 7.00 መፈተሻ ፈሳሾቹ ጋር፣ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ቀለበት ቅርጾች፣ ሻሽ፣ የማይዝግ ወንፊት፣ የሽቦ መደርደሪያ፣ ክዳን ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ሣጥን፣ የእርጥበት መለኪያ፣ ጓንትና በረኪና ያስፈልጋል።

ገንዘብ ካጠረዎት ከብሌንደሩ ይቀንሱ እንጂ ከፒኤች መለኪያው አይቀንሱ። ደካማ ብሌንደር ሥራ ያረዝማል፤ ፒኤች ሳይለኩ መሸጥ ግን የሰው ጤና ላይ መቆመር ነው። የወረቀት መለኪያ አይተካውም። ቀለሙ የሚለየው በግማሽ ነጥብ ነው፣ ስቡም ወረቀቱን ይለብሰዋል። እርስዎ ማወቅ ያለብዎት ደግሞ 4.4 ይሁን 4.8 ነው።

ካሹ ሲገዙ

የተሰበረ ካሹ ይግዙ። ደብሊው 320 የሚባለው ደረጃ ውድ የሚሆነው ፍሬው ሙሉ ስለሆነ ነው፤ ለሚፈጭ ነገር ሙሉነት ጥቅም የለውም። ነገር ግን የተሰበረው ለአየር የሚጋለጠው ገጹ ብዙ ነው፣ ዘይቱም ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ከረጢት ከታች ጥቂት ፍሬ አውጥተው ያኝኩ። ያረጀ ዘይት ወይም የቀለም ሽታ ከመጣ ይመልሱት፤ ይህን ጣዕም መብላላትም ጨውም አይሸፍነውም።

ሻጋታ የታየበትን ካሹ ለቅሞ መጠቀም አይቻልም። አንዳንድ ሻጋታ የሚያመርተው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም።

የአሠራር ደረጃዎች

1. ዕቃውን ያጽዱ። መጀመሪያ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይጠቡ፣ ያለቅልቁ፣ ከዚያ በረኪና በገባበት ውሃ ይንከሩ። 5 በመቶ በሆነ በረኪና 4 ሚሊ ሊትር ለ1 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ይህ 200 ፒፒኤም (በሊትር 200 ሚሊ ግራም) ክሎሪን ይሰጣል። 2 ደቂቃ ቆይቶ በአየር ይድረቅ፤ በፎጣ አይወልውሉት። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም፤ የቀረ ስብና ምግብ ክሎሪኑን ያከሽፈዋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ከብሌንደሩ ምላጭ ሥር ያለውን የጎማ ቀለበት ነው። ነቅለው ሲያዩት ከሥሩ ያለፈው ዙር ቅሪት ቢጫ ሆኖ ተጣብቆ ያገኙታል። በየዙሩ ይነቀል።

2. ካሹውን ይዘፍዝፉ። በ3 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት። ሲዘፈዘፍ ውስጡ ድረስ ስለሚርስ ልሞ ይፈጫል። ከፍሪጅ ውጭ አይደር፤ ለብ ያለ ውሃና እርጥብ ካሹ እርስዎ ላልመረጡት ባክቴሪያ ምቹ ነው። ውሃውን ይድፉት፤ ለመፍጫ አይጠቀሙበት።

3. ይቀቅሉ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፣ መዘለል የሌለበትም ይኸው ነው። «ጥሬ» ተብሎ የሚሸጥ ካሹ ቅርፊቱ ሲነሳ ሙቀት ቢያገኝም ከዚያ በኋላ በብዙ እጅ ይላጣል፣ ይለቀማል፣ ይታሸጋል። ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚገባው በዚያ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2021 አሜሪካ ውስጥ ከካሹ በተሠራ ቺዝ ምክንያት ሰዎች በሳልሞኔላ ታመዋል።
 4 ሊትር ውሃ ያፍሉ፣ የተዘፈዘፈውን ካሹ ይጨምሩ። ውሃው ቀዝቅዞ መፍላቱን ያቆማል፤ ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት ተመልሶ ሲንተከተክ ነው። ከዚያ 5 ደቂቃ። ደረቅ ካሹን በምድጃ ማመስ ይህን አይተካም፤ ሳልሞኔላ በደረቅና ስብ በበዛበት ነገር ውስጥ ሙቀትን አብዝቶ ይቋቋማል።
 ከዚህ በኋላ በትኩስ ቺዝ መንገድ ላይ ሌላ የሚገድል እሳት የለም። ወንፊቱ፣ ማንኪያው፣ ጓንቱ፣ የሚጨመረው ውሃ ሁሉ ንጹሕ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

4. ወደ 30 ዲግሪ ያቀዝቅዙ። በጸዳ ወንፊት አንጠፍጥፈው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ያለቅልቁና ይመዝኑት። 1 ኪሎ ደረቅ ካሹ አሁን 1.4 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። በጣም ከበለጠ በደንብ አልተንጠፈጠፈም፤ ያ ውሃ ኋላ ላይ «አልጠጠረም» ሆኖ ይመጣል። ፍሪጅ ውስጥ ከትተው አያቀዝቅዙት። በቀዘቀዘ ካሹ ላይ የሚፈስ የኮኮናት ዘይት ወዲያው ረግቶ ነጭ ፍርፋሪ ይሆናል።

5. ይፍጩ። በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጀምሩ፤ ምላጩ ባዶውን መሽከርከር ሲጀምር ብቻ በ20 በ20 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፣ ከ400 አይለፉ። ሁለት ሊትር በሚይዝ ብሌንደር ሦስት ጊዜ ከፋፍሎ መፍጨት ይሻላል። ግሉኮሱ አብሮ ይገባል። ወደ መጨረሻው ብሌንደሩ እየዞረ የቀለጠውን፣ 35 ዲግሪ አካባቢ ያለውን ዘይት እንደ ክር አድርገው ያፍስሱ፤ በአንድ ጊዜ ከገባ አይዋሃድም።
 መፈጨቱን የሚያውቁት በዓይን አይደለም። ትንሽ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል አድርገው ያሹት፤ ያልደቀቀው በዓይን ባይታይም ይቆረቁራል። በዚያ ጊዜ ብሌንደሩን 5 ደቂቃ አሳርፈው ይቀጥሉ። ምላጩ ሊጡን ያሞቀዋል፤ እርሾው ከመግባቱ በፊት ከ30 ዲግሪ በታች መውረድ አለበት። ከ40 በላይ የሆነ ሊጥ ሜሶፊሊክ እርሾን ያዳክመዋል፣ ይገድለውማል።
 ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ እዚህ አይግባ፤ ክሎሪን ካለው የገዙትን እርሾም አይምርም።

6. እርሾውን ይጨምሩ። ሊጡ ላይ በእኩል ይበትኑት፣ 5 ደቂቃ ውሃ እስኪጠጣ ይጠብቁ፣ ከዚያ ከሥር ወደ ላይ ለ2 ደቂቃ ያማስሉ። ወዲያው ከተማሰለ ይጓጉልና አንዱ ጥግ ይኮመጥጣል፣ ሌላው ጥሬ ይቀራል። ግሉኮስ የጨመርነው ካሹ ላክቶስ ስለሌለው ነው። የቺዝ እርሾ የለመደው የወተት ስኳርን ነው፤ የካሹን ስኳር ሁሉም ዝርያ አይበላውም፣ የሚበላውም ይዘገያል። ግሉኮስን ግን ሁሉም ይበላዋል።
 ከፋርማሲ የሚገዛ የፕሮባዮቲክ እንክብል ለንግድ አንመክርም። ስንቱ ሕያው እንደሆነ አይታወቅም፣ አሲዶፊለስን የመሰሉት ዝርያዎችም የሚወዱት 37 ዲግሪ ነው፤ በ26 ያንቀላፋሉ። ካለፈው ዙር ቀንሶ ለሚቀጥለው እርሾ ማድረግም ይቅር። ያልፈለጉት ባክቴሪያም አብሮ ይሻገራል፣ በየዙሩም ይበዛል።

7. ያብላሉ። ሊጡን ከ5 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ሰፊ ዕቃ ላይ ያንጣፉ፤ ወፍራም ከሆነ መሃሉ ሙቀት እስኪደርሰው ሰዓታት ያልፋሉ። ላስቲክ ሊጡን እስኪነካ ድረስ ያልብሱት፤ በመካከል አየር ካለ የዱር እርሾ ከላይ ይበቅላል። ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ያቆዩት።
 ሲጀምር ፒኤቹ ከ6 በላይ ነው። በ6፣ በ12፣ በ18 እና በ24ኛው ሰዓት ይለኩ። የምንፈልገው ከ4.4 እስከ 4.5 ነው። መስመሩ 4.6 የሆነው ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ከዚያ በታች ስለማይበቅል ነው። ቁጥሩ የተቀራረበ ይምሰል እንጂ ፒኤች በአሥር እጥፍ ነው የሚራመደው፤ 5.6 ላይ ያለ ሊጥ 4.6 ላይ ካለው አንድ አሥረኛ የአሲድ ጥንካሬ ነው ያለው። ስለዚህ «ትንሽ ነው የቀረው» የሚባል ነገር የለም።
 በ12ኛው ሰዓት ምንም ካልተንቀሳቀሰ እርሾው ሞቷል ወይም ሊጡ ቀዝቅዟል። በ24ኛው ሰዓት ከ4.6 በታች ካልወረደ ይጣል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጨምሮ ቁጥሩን ማውረድ መፍትሔ አይደለም፤ ያልፈለጉት ባክቴሪያ እስካሁን በልቷል፣ ተባዝቷል።
 ምላስ አይለካም። ጨው ያልገባበት ካሹ 5 ላይም ኮምጣጣ ይመስላል።

8. ጨው ይጨምሩ። ከጠቅላላው ክብደት 1.8 በመቶ፤ 1,900 ግራም ሊጥ ከሆነ 34 ግራም። ሊጡን መዝነው ያስሉ እንጂ በማንኪያ አይገምቱ። ጨው አስቀድሞ ያልገባው እርሾውን ስለሚያዘገየው ነው። ነጭ ቅርፊት ከፈለጉ የሻጋታውን ዱቄት አሁን አብረው ያማስሉ።

የፒኤች አለካክ ላይ ትንሽ እንቆይ

ስህተት የሚበዛው እዚህ ስለሆነ ነው። የመለኪያውን ብርጭቆ ጫፍ ወደ ዋናው ሊጥ አይክተቱ፤ ሊሰበር ይችላል፣ ንጽሕናም የለውም። ከሦስት ቦታ፣ ከመሃልም ከጠርዝም፣ በጸዳ ማንኪያ 10 ግራም ይውሰዱ፣ በ10 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ በጥብጠው ይለኩ። የለኩትን ይድፉት። ሦስቱ ቦታ ከተለያየ የሚመዘገበው ከፍተኛው ነው።

መለኪያውን በየቀኑ በ4.01 እና በ7.00 ፈሳሽ ያስተካክሉ። ካሹ ስብ የበዛበት ነው፤ ስቡ ብርጭቆውን ሲለብሰው ቁጥሩ በዝግታ እየተሳበ ይሄድና የተረጋጋ ይመስላል። ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ያጥቡት። በተጣራ ውሃ ውስጥ ግን አያሳድሩት፤ የራሱ የማስቀመጫ ፈሳሽ አለው።

ትኩስ ቺዝ

9. ሊጡን ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪ ለ12 ሰዓት ያሳርፉ፣ ከዚያ በማሸጊያው ይሙሉ። ቅመም መጨመር ከፈለጉ ደረቅ ይሁን። ትኩስ ነጭ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል ከአፈር የመጣ ባክቴሪያ ይዞ ይገባል፣ ውሃም ይጨምራል፣ ፒኤቹንም ሊያነሳ ይችላል። ደረቁም ቢሆን ከገባ በኋላ እንደገና ይለካል። በዘይት ውስጥ የተዘፈቀ ቺዝ ወይም አየር ተመጥጦ የታሸገ ቺዝ ከ4.6 በላይ ከሆነ በፍጹም አይሸጥ፤ ቦቱሊዝም የሚወደው አየር የሌለበትን ቦታ ነው።

ነጭ ቅርፊት ያለው ቺዝ

10. ቅርጽ ያስይዙ። ቀለበቶቹን በሻሽ ሸፍነው ሊጡን 3 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይሙሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ደጋግመው መታ መታ ያድርጉ። ውስጥ የቀረ የአየር ኪስ በኋላ ሰማያዊ ሻጋታ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ነው። ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ያሳድሯቸው። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ አካባቢ ስለሚቀልጥ በብርድ ይጠነክራል፣ ቅርጹንም የሚይዘው እሱ ነው።
 በክብደት መጫን ብዙ አይጠቅምም። የተቀቀለ ስታርች ውሃውን ይዞታል፤ ሲጫኑት የሚወጣው ውሃ ሳይሆን ሊጡ ራሱ በሻሹ ቀዳዳ ነው። ውሃውን የሚቆጣጠሩት ደረጃ 4 እና 5 ላይ ነው ያልነው ለዚህ ነው።

11. ገጹን ያድርቁ። ከቀለበቱ አውጥተው ሽቦ ላይ፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ባለ ቦታ፣ ክፍት አድርገው 2 ቀን። በየ12 ሰዓቱ ይገልበጡ። በጓንቱ ጀርባ ሲነኩት የማይጣበቅ፣ እንደ ደረቀ ቀለም የደበዘዘ ሲሆን በቃው። እየረጠበ ሣጥን ውስጥ የገባ ቺዝ ግራጫ ጸጉር ያበቅላል። ከልክ በላይ የደረቀም ይሰነጠቃል፣ ነጩ ሻጋታም አይይዘውም።

12. ወደ ሣጥኑ ያስገቡ። ሙቀቱ ያው ከ10 እስከ 13 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ85 እስከ 90 በመቶ። በየቀኑ ይገልበጡ፣ ክዳኑ ሥር የተጠራቀመውን ጠብታ በንጹሕ ወረቀት ይጥረጉ። አንድ ጠብታ የወደቀችበት ቦታ ሻጋታው ተበስቶ ይቀራል። ከ5ኛው እስከ 7ኛው ቀን ስስ ነጭ አቧራ ይታያል፤ ከ8ኛው እስከ 12ኛው ቀን ሙሉውን ይለብሳል። ጥሩው ሻጋታ እንደ ጥጥ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሽታው የእንጉዳይ ነው።

13. ይጠቅልሉና ወደ 4 ዲግሪ ያውርዱ። ለቅርፊት ቺዝ የተሠራ የሚተነፍስ ወረቀት ይጠቀሙ። በላስቲክ የታፈነ ሻጋታ ይሞታል፣ ይሸታል። 200 ግራም የነበረው አሁን ከ170 እስከ 180 ግራም ይመዝናል። ዋጋ ሲያወጡ ይህን ጉድለት ይቁጠሩ፤ ብዙ ሰው የሚሸጠውን በገባው ክብደት እያሰላ ይከስራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ነጩ ሻጋታ ሲያድግ አሲዱን ይበላዋል፣ የገጹ ፒኤች ተመልሶ ይወጣል። ትኩሱን ቺዝ የሚጠብቀው አሲድ እዚህ አይጠብቅዎትም፤ ሊስቴሪያ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ደግሞ በፍሪጅ ብርድም ያድጋል። ስለዚህ ይህ ቺዝ ብርዱ ሳይቋረጥ መጓዝ፣ ከትኩሱ በተለየ ዕቃና ክፍል መሠራት፣ በላቦራቶሪም መመርመር አለበት። ንግድ ሲጀምሩ በትኩሱ ይጀምሩ የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚሠሩ ከሆነ ጠዋት ትኩሱን፣ ከሰዓት ሻጋታውን። የሻጋታው ብናኝ በአየር ስለሚሄድ ተቃራኒው አይሆንም።

የሚቆረጠውና ሲሞቅ የሚለሰልሰው

ካሹ ብቻውን ሲሞቅ አይቀልጥም፣ ይደርቃል እንጂ። የሚለጠጥበትን ባሕርይ የሚሰጠው የታፒዮካ (የካሳቫ) ስታርች ነው፤ ከባሕር አረም የሚወጣው ማርጊያ፣ አጋር፣ ደግሞ ለመቆረጥ ያጠነክረዋል። ለ1 ኪሎ ጨው የገባበት የተብላላ ሊጥ 10 ግራም አጋር በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ እያማሰሉ ለ2 ደቂቃ ያፍሉ። 50 ግራም ታፒዮካ በ50 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ይጨምሩበት፣ የሚያብረቀርቅና የሚለጠጥ እስኪሆን ይማሰል። ከዚያ እስከ 45 ዲግሪ የሞቀውን ሊጥ ይጨምሩ፣ አንድ ላይ 75 ዲግሪ ያድርሱና ወዲያው ወደ ቅርጹ ይገልብጡ።

አጋሩ ለብቻው በውሃ የሚፈላው አሲድ ውስጥ ብዙ ከፈላ የመርጋት አቅሙን ስለሚያጣ ነው። ሊጡ ቀዝቃዛ ሆኖ ከገባም አጋሩ በየቦታው ጓል ሆኖ ይረጋል፤ ያ ጓል መልሶ አይሟሟም፣ ካልፈላ በስተቀር። ይህ ዓይነት ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ትንሽ ይለጠጣል፤ እንደ ወተት ቺዝ ይሳባል ብለው ግን ለደንበኛ ቃል አይግቡ።

በሌላ ፍሬ መተካት

አልሞንድ ከሆነ ከፈላ በኋላ ቡናማ ቆዳው ይላጥ፤ ምሬቱ ያለው እዚያ ነው። ስታርች የለውም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሊጡ ሻካራ ይሆናል፣ ውሃም አይዝም፤ እዚህ ላይ በሻሽ ማንጠልጠል ይሠራል። ማከዳሚያ ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ስብ ነው፤ የኮኮናት ዘይቱን ይተዉት፣ ብሌንደሩም ሲሞቅ ዘይቱ ይለያል።

የተለመዱ ስህተቶች

አልጠጠረም፦ ውሃ በዝቷል ወይም ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። የኮኮናት ዘይቱ ካልረጋ ምንም አይጠጥርም። አጋር ጨምሮ ወደ ሦስተኛው ዓይነት መቀየር ይቻላል፣ ፒኤቹ ልክ ከሆነ ብቻ።

መረረ፦ ያረጀ ካሹ፣ ያልተላጠ አልሞንድ ወይም በዝቶ የቆየ ሻጋታ። መጀመሪያ ከዚያው ከረጢት ደረቁን ፍሬ ያኝኩ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

አረፋ አወጣ፣ ላስቲኩ ተነፋ፣ የአልኮል ሽታ መጣ፦ የዱር እርሾ ወይም ከቆሻሻ የመጣ ባክቴሪያ ገብቷል። ይጣል። ሉኮኖስቶክ ያለበት የቺዝ እርሾ ጥቂት ጋዝ ያወጣል፤ ፓኮውን አንብበው ይለዩ።

ረጅም ግራጫ ጸጉር፦ ሙኮር የሚባለው ሻጋታ ነው፤ ገጹ ሳይደርቅ ሣጥን ገብቷል። ሮዝ፣ ብርቱካንማ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ነጥብም ያው ነው፤ ቆርጦ መሸጥ የለም። ሥሩ ከሚታየው በላይ ርቆ ገብቷል። ሣጥኑን በበረኪና ውሃ አጥበው ሌሎቹን ክቦች ለብቻ ያቆዩ።

ቅርፊቱ እንደ ቆዳ ተላቀቀ፦ ሙቀቱ ከ13 አልፏል ወይም ሊጡ እርጥብ ነበር፤ ሻጋታው ከሥሩ ያለውን ቶሎ አቅልጦታል።

የአሞኒያ ሽታ፦ ዕድሜው አልፏል ወይም ታፍኗል። ከወረቀቱ አውጥተው ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት ያናፍሱት፤ ካልጠፋ አይሸጥም።

መዝገብና ጽሑፍ

ለእያንዳንዱ ዙር ቁጥር ይስጡ፣ አንድ ገጽም ይክፈቱ፦ የካሹው ከረጢት ቁጥር፣ የመቀቀያው ሰዓት፣ የእርሾው ፓኮ ቁጥር፣ የፒኤች ልኬቶቹ ሁሉ ከነሰዓታቸው፣ ጨው፣ የገባና የወጣ ክብደት፣ ለማን እንደተሸጠ። ቅሬታ ሲመጣ የትኛውን ዙር እንደሚሰበስቡ የሚነግርዎት ይህ ገጽ ነው፤ ከሌለ ሁሉንም ይሰበስባሉ።

ማሸጊያው ላይ ካሹ መሆኑ በጉልህ ይጻፍ፤ የካሹ አለርጂ ሊገድል ይችላል። «ወተት የለውም» ከማለትዎ በፊት የእርሾውን ፓኮ ያንብቡ። ብዙው የቺዝ እርሾ በወተት ላይ ያደገ ወይም ከላክቶስ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ከወተት ነጻ የሆነ እርሾ ለይቶ ማዘዝ ይቻላል። «ቺዝ» የሚለውን ስም መጠቀም በሁሉም ቦታ አይፈቀድም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 በተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ ምርት በዚህ ስም አይሸጥም። መለያ ከማሳተምዎ በፊት የሚሸጡበትን አገር ደንብ ይጠይቁ፤ የታተመ ካርቶን መጣል ያስቆጫል።

የመጠቀሚያ ጊዜ በግምት አይጻፍም። ላቦራቶሪ እስኪያረጋግጥልዎ ድረስ ለትኩሱ በ4 ዲግሪ ከ7 ቀን በላይ አይጻፉ። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ማሸጊያ ያስቀሩና በራስዎ ፍሪጅ ያቆዩ፤ ቀኑ ሲያልቅ ከፍተው ፒኤቹን ይለኩ፣ ያሽትቱ፣ ያዩትን በዚያው የዙሩ ገጽ ላይ ይጻፉ።